ማዘዣው ደረሰ፣ መድኃኒቱ አልደረሰም፦ በቪዲዮ የተጀመረ የኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በአሜሪካ የኦፒዮይድ ሱስን (እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች የሚያስከትሉትን ሱስ) በቪዲዮና በስልክ ቀጠሮ በሚያክም ቡድን ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። የእኔ ድርሻ ታማሚው ከሐኪሙ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ያለው ነው። መድኃኒቱ እጁ ገብቷል ወይ? በትክክል ጀምሮታል ወይ? ለቀጣዩ ቀጠሮ በሕይወት ይደርሳል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ይመስላል፤ በዚህ ሕመም ግን በየሳምንቱ የምንጠይቀው ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ሐኪም ማግኘት ቀላል የሆነበት፣ ከሐኪሙ እስከ መድኃኒቱ ያለው መንገድ ግን ሰውየውን ሊገድለው የደረሰበት ስለሆነ ነው። ስህተቱ በአብዛኛው የእኛ ነበር። ባለጉዳዩና እህቱ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ስማቸው፣ ከተማቸውና የሥራ ቦታቸው አልተጠቀሰም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየውና ሕመሙ

ወደ እኛ ሲመጣ 38 ዓመቱ ነበር። በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳርቻ በሚገኝ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ከታላቅ እህቱና ከልጆቿ ጋር የሚኖር ሰው ነው። በ2019 ወገቡን ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ለሕመሙም ኦክሲኮዶን የተባለ ኦፒዮይድ ታዘዘለት። ለወራት ከወሰደው በኋላ ማዘዣው በአንድ ቀን ተቋረጠ። መጠኑ ቀስ በቀስ አልተቀነሰለትም፤ ሲያቆም ምን እንደሚሰማውም የነገረው አልነበረም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኦፒዮይድን በድንገት ማስቆም ታማሚን ለከባድ ጉዳት እንደሚዳርግ አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው እሱ ዘንድ አልደረሰም።

በሦስተኛው ቀን አጥንቱ ሲቆረጥም፣ ሆዱ ሲላወስ፣ እንቅልፍ ከዓይኑ ሲጠፋ ጉንፋን የያዘው መስሎት ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው ሰማያዊ ክኒን ሰጠውና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዳነ። «ያኔ ነው ሕመሜ ምን እንደሆነ የገባኝ» ብሎናል። ክኒኖቹ ኦክሲኮዶን መስለው የተሠሩ ናቸው እንጂ በውስጣቸው የነበረው ፌንታኒል ነው። ፌንታኒል ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 ጊዜ ይበረታል፤ በሕገ ወጥ መንገድ በተሠራ ክኒን ውስጥ ደግሞ መጠኑን ሻጩም ገዢውም አያውቁትም። ከእኛ ጋር ከመገናኘቱ ሁለት ወር በፊት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወድቆ ነቃ። ምን ያህል ሰዓት እንደተኛ አያውቅም። ለማንም አልተናገረም።

በአካል መታከም ለምን አልቻለም

ሁለት መድኃኒቶች በዚህ ሕመም የሚሞተውን ሰው ቁጥር በእጅጉ እንደሚቀንሱ በጥናት ተረጋግጧል፦ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን። በአሜሪካ ሜታዶን ለሱስ ሕክምና የሚሰጠው ልዩ ፈቃድ ባላቸው ማዕከላት ብቻ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ታማሚው በአብዛኛው በየቀኑ እየሄደ ይወስደዋል። ለእሱ ቅርብ የሚባለው ማዕከል የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር። የሌሊት ተረኛ ሠራተኛ በቀን አራት ሰዓት እየነዳ ሥራውን ሊያቆይ አይችልም።

ቡፕረኖርፊንን ግን ከ2002 ጀምሮ ሐኪም በተራ ማዘዣ ሊያዘው፣ ታማሚውም ቤቱ ሊወስደው ይችላል። ሐኪሞች ለዚህ ልዩ ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድደው ደንብ በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ በወጣ ሕግ ተነሥቷል። ሆኖም በአካባቢው የሚያውቀው ክሊኒክ «እኛ ይህን አንሠራም» ብሎ መለሰው።

ሌላው ምክንያት ኀፍረት ነው፤ ከርቀቱም ይብስ ነበር። በከተማዋ ያሉት ሐበሾች ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። «ክሊኒኩ በር ላይ አንድ ሰው ካየኝ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳልደርስ ወሬው ይቀድመኛል» አለ። ይህን ፍርሃት አቃልሎ የሚያይ ሐኪም ታማሚውን ያጣዋል።

በኢንተርኔት መታከም የቻለው ሕጉ ስለተለወጠ ነው። በ2008 የወጣው የራያን ሄይት ሕግ፣ ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት በኢንተርኔት ከማዘዝ በፊት ሐኪሙ ታማሚውን ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል እንዲያየው ያዝዛል። ሕጉ የተሰየመው በኢንተርኔት በገዛው የሕመም ማስታገሻ ምክንያት በ2001 በሞተ የ18 ዓመት ወጣት ስም ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። በመጋቢት 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት፣ ይህ ግዴታ ላላ፤ ቡፕረኖርፊንን በቪዲዮ፣ ቪዲዮ ከሌለም በስልክ ብቻ መጀመር ተፈቀደ። ባለጉዳያችን በ2023 መኸር ሲደውልልን ይህ ፈቃድ ይሠራ ነበር።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ዓርብ ጠዋት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር የተገናኘን። መኪናውን ከሱፐርማርኬት ጀርባ አቁሞ፣ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎታል። እኔ አማርኛ እንደምናገር ሲያውቅ ፊቱ ተለወጠ፤ መጀመሪያ ግን ደስ አላለውም። «እህቴ፣ እርስዎ የየት ከተማ ነዎት? የእኛን ሰዎች ያውቋቸዋል?» ብሎ ጠየቀ። የምኖረው ሌላ ግዛት እንደሆነ፣ ምስጢሩን መጠበቅም የሕግ ግዴታዬ እንደሆነ አስረዳሁት። ሌላ አስተርጓሚ ሊመደብለት እንደሚችልም ነገርኩት። ጥቂት አስቦ «ይቀጥሉ» አለ።

ሐኪሟ አርባ ደቂቃ ያህል አነጋገረችው። ምን እንደሚወስድ፣ ስንት ጊዜ፣ አልኮልና የእንቅልፍ መድኃኒት ይቀላቅል እንደሆነ፣ የጉበት ሕመም እንዳለበት ጠየቀችው። ግዛቱ ያዘጋጀውን የማዘዣ መዝገብ አየች። ከዚያ ስለ ቡፕረኖርፊን አንድ ነገር ደጋግማ አስረዳችው፤ እኔም በአማርኛ ደገምኩት። መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ፌንታኒል የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል፤ አያያዙ ከፌንታኒል ይጠነክራል፣ ኃይሉ ግን ያነሰ ነው። ፌንታኒሉ ገና ከሰውነት ሳይወጣ ከተወሰደ ገፍቶ ያስወጣውና በሰዓታት የሚመጣውን ስቃይ በደቂቃዎች ያመጣዋል። ስለዚህ የማቆሙ ሕመም በደንብ እስኪጀምር መታገሥ ያስፈልጋል።

እሱም ምክሩን ተቀበለ። ሐሙስ ማታ ከወሰደ በኋላ አልወሰደም ነበር። ሐኪሟ ረፋድ ላይ ማዘዣውን በኮምፒውተር ላከች፦ ከምላስ ሥር የሚቀመጠውን የቡፕረኖርፊንና ናሎክሶን ስስ ፊልም፣ ለማቅለሽለሽና ለላብ የሚረዱ ሌሎች መድኃኒቶችን፣ ኦፒዮይድ አብዝቶ ወስዶ ራሱን የሳተን ሰው የሚያነቃውን፣ በአፍንጫ የሚነፋውን ናሎክሶንም ጨምራ። እኛም ሥራችን የተጠናቀቀ መሰለን።

ከዓርብ እስከ እሑድ

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋርማሲው ሄደ። ለማቅለሽለሹ የታዘዘውም፣ ናሎክሶኑም ተሰጠው። ቡፕረኖርፊኑ ግን የለም ተባለ። ይመጣል ወይ ብሎ ሲጠይቅ የፋርማሲ ባለሙያው ማዘዣውን የጻፈችው ሐኪም ቢሮ ሩቅ መሆኑን ጠቅሶ እንዲህ ያለ ማዘዣ እንደማይቀበል ነገረው። ከኋላው ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ሐኪሟ በእሱ ግዛት ለመሥራት ፈቃድ አላት፤ ማዘዣውም ሕጋዊ ነበር። ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ላብ እያጠመቀው፣ አፍንጫው እየፈሰሰ ይህን ማስረዳት ግን ለታማሚ የሚተው ሥራ አይደለም።

የፋርማሲው ባለሙያ ክፉ ሰው ነበር ብዬ አላስብም። በኦፒዮይድ ቀውስ ምክንያት በፋርማሲዎችና በአከፋፋዮች ላይ ከባድ ክሶች ተመሥርተዋል፤ ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት የሚያቀርቡ ድርጅቶች የትእዛዝን መጠን ይከታተላሉ፤ የሐኪሙና የታማሚው ርቀትም ለብዙዎች የጥርጣሬ ምልክት ሆኖ ተቆጥሯል። ቡፕረኖርፊን የሚያድን መድኃኒት ቢሆንም ከሚገድሉት ጋር በአንድ መነጽር ይታያል። ይህን እናውቅ ነበር፤ እያወቅን አስቀድመን አልደወልንም።

ሲደውልልን የቢሮ ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ማዘዣውን ወደ ሁለተኛ ፋርማሲ አዛወርን። እዚያ ደግሞ ክኒኑ እንጂ ፊልሙ አልነበረም፤ ማዘዣው ላይ የተጻፈው ፊልም ስለሆነ ባለሙያዋ በራሷ ልትቀይረው አልቻለችም። ሐኪሟ ሌላ ታማሚ ላይ ነበረች። አዲሱ ማዘዣ ሲላክ ፋርማሲው ተዘግቷል።

ያን ማታ አምስት ሰዓት ገደማ ወሰደ። ቅዳሜ ጠዋት ስደውል በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረኝና ዝም አለ፤ ልወቅሰው የምችል መስሎት ይሆናል። ሃያ አራት ሰዓት ታግሦ የነበረውን ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሰደድነው እኛ ነን። ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፦ ለአንድ ቀን ያህል ተከልክሎ በሕመም ተገፍቶ የተመለሰ ሰው፣ መጠኑ የማይታወቅ ክኒን ብቻውን ይወስዳል።

ይሁን እንጂ በዚያች ሌሊት አንድ ያላሰብነው ነገር ሆነ። ናሎክሶኑ ሲታዘዝለት አንድ ነገር ነግሬው ነበር፦ ራሱን የሳተ ሰው ለራሱ ሊነፋው አይችልም፤ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ማወቅ አለበት። ክኒኑን ከመውሰዱ በፊት ሣጥኑን ይዞ ወደ እህቱ ክፍል ሄደ። ለአራት ዓመት የደበቀውን በዚያች ሰዓት ነገራት። እሷም ደንግጣ አለቀሰች፤ ከዚያም በሩን ከፍታ አጠገቡ ተቀምጣ አደረች።

ቅዳሜ ጠዋት ለስድስት ፋርማሲዎች ደወልኩ። ስድስተኛው፣ ከቤታቸው 65 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ የግል ፋርማሲ፣ ክኒኑ ነበረው። ከባለሙያዋ ጋር አምስት ደቂቃ ተነጋገርኩ፤ የሐኪሟን የፈቃድ ቁጥር፣ የምርመራውን ውጤትና ሊደውሉበት የሚችሉትን ስልክ ሰጠኋት። «ይህን ዓርብ ብትነግሩኝ ኖሮ ዓርብ አዘጋጅላችሁ ነበር» አለችኝ። እህቱ ነድታ አመጣችው።

መድኃኒቱን መጀመር

ፌንታኒል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በሰውነት ስብ ውስጥ ይጠራቀምና ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ ለሌሎች አጭር ቆይታ ላላቸው ኦፒዮይዶች የሚበቃው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ለእሱ ላይበቃ ይችላል። እስከ እሑድ ማለዳ ጠበቅን፤ ሠላሳ አንድ ሰዓት ማለት ነው።

የሕመሙን ደረጃ የምንለካው አሥራ አንድ ምልክቶች ባሉት መመዘኛ ነው። በቪዲዮ ብዙው ይታያል፦ ላቡ፣ ማዛጋቱ፣ የእጁ መንቀጥቀጥ፣ የሰውነቱ ፀጉር መቆም። የዓይኑን ብሌን ለማየት ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን እንዲያስጠጋ አደረግን። የልብ ምቱን እህቱ አንገቱ ላይ ጣቷን አድርጋ፣ እኔ ሰዓት እየያዝኩ ቆጠረችልን። ድምሩ 14 ሆነ፤ መካከለኛ ነው፣ ለመጀመር ይበቃል።

ከ8 ሚሊግራሙ ክኒን ግማሹን ከምላሱ ሥር አደረገ። እስኪሟሟ መናገር፣ መጠጣትና ምራቅ መዋጥ የለበትም፤ ከተዋጠ አብዛኛው ጥቅሙ ይጠፋል። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ግን ባሰበት። ብርድ ብርድ አለው፣ አስታወከው። እህቱ «መርዝ ነው የሰጣችሁት! ይቁም!» ብላ ጮኸች። ሐኪሟ ግን ከመስመሩ አልወጣችም ነበር። እንዲህ ሲሆን የሚረዳው ማቆም ሳይሆን መጨመር እንደሆነ አስረዳችና ሌላ 8 ሚሊግራም እንዲወስድ አዘዘች። በሁለት ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጡ ቆመ። ከሰዓት በኋላ የቀረውን 4 ሚሊግራም ጨምሮ በድምሩ 16 ወሰደ፤ ሾርባ ጠጥቶም ተኛ።

ያ ሰዓት በስልክ መስመሩ ላይ ማንም ባይኖር ኖሮ ሕክምናው እዚያው ባበቃ ነበር። ታማሚው መድኃኒቱን፣ እህቱ ደግሞ እኛን ዳግመኛ አያምኑም ነበር።

ቀጣዮቹ ወራት

በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም በየወሩ ተገናኘን። የምራቅ መመርመሪያ በፖስታ ይላክለትና በቪዲዮ ፊት ይመረመራል። በስድስተኛው ሳምንት ፌንታኒል ተገኘበት። ስንጠይቀው የኢንሹራንስ ድርጅቱ ቅድመ ፈቃድ ስለጠየቀ የሁለት ቀን መድኃኒት እንዳመለጠው ተናገረ። እኛ ዘንድ የደወለ አልነበረም፤ እኛም አላወቅንም። ከሕክምናው አላስወጣነውም። የሕመሙ ምልክት በመታየቱ ታማሚን ከሕክምና ማባረር፣ ስኳሩ ከፍ ያለበትን ሰው ኢንሱሊን እንደ መከልከል ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው እኛው እንደውላለን።

ከእህቱ ጋር የነበረው ክርክር ረዘም ያለ ነው። «አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ ለወጣችሁት» ትል ነበር፤ ፀበል ቢጠመቅ ይሻላል ብላም ታምናለች። እምነቷን አልተቃወምኩም። ፀበሉን ይጠመቅ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ አልኳት፤ እሷም የንስሐ አባቷን ጠይቃ ሁለቱም አብረው እንደሚሄዱ ሰማች። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ የእሳቸው አንድ ቃል ሠራ። ስለ ሱሱ ያስረዳኋት በሚታየው ነገር ነው፦ ድሮ ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ቀጣዩን ክኒን የት እንደሚያገኝ ነበር፤ ደመወዙ ያልቅ፣ ይዋሽ፣ ይደበቅ ነበር። አሁን ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ ሥራ ይሄዳል። ሰውነቱ መድኃኒቱን ለምዷል፤ እሱ ግን ወደ ራሱ ተመልሷል።

የሠራውና ያልሠራው

ቪዲዮው ራሱ ሠርቷል። ማንም ሳያየው ሐኪም አገኘ፤ ሥራውን አላጣም። ኢንተርኔቱ ሲደክም በስልክ ብቻ መቀጠላችንም ጠቅሟል፤ በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በአማርኛ መነጋገሩም እንዲሁ።

በእንግሊዝኛ የሚካሄደው የቡድን ምክር ግን አልሠራም። ሁለት ጊዜ ገብቶ ካሜራውን አጥፍቶ ዝም ብሎ ወጣ። አስገዳጅ አድርገነው ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱንም ትቶ በሄደ ነበር። ምክር ይጠቅማል፤ መድኃኒትን የምክር መያዣ ማድረግ ግን አይገባም።

በስክሪን የማይሠራ ነገርም አለ። የጉበት፣ የሄፓታይተስና የኤችአይቪ ምርመራ ደም ይፈልጋል። ይህን እስከ አራተኛው ወር አዘገየነው፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቦታ ልናገኝለት ይገባ ነበር። የጥርሱንም ነገር ዘግይተን ነገርነው። በጥር 2022 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በአፍ ውስጥ የሚሟሟ ቡፕረኖርፊን ጥርስን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ ከሟሟ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ፣ ጥርስ ለመቦረሽም ቢያንስ አንድ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል።

ለሌሎች የሚጠቅመው

ዋናው ፋርማሲው ነው። ማዘዣ ከመላኩ በፊት ይደወል፦ መድኃኒቱ አለ ወይ? ፊልም ነው ወይስ ክኒን? ስንት ሚሊግራም? ከሩቅ ሐኪም የመጣ ማዘዣ ትቀበላላችሁ ወይ? እስከ ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ? አምስት ጥያቄዎች፣ አምስት ደቂቃ። ታማሚው ክኒኑን እንዲያቆም የሚነገረው መድኃኒቱ እጁ ከገባ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። እኛ ዓርብ ዕለት አዲስ ታማሚ መጀመር ትተናል፤ ግድ ከሆነም ቅዳሜ የሚሠራ ፋርማሲ አስቀድመን እናገኛለን።

ታማሚው ራሱም በመጀመሪያው ቀጠሮ ሊጠይቅ የሚገባው አለ፦ ሐኪሙ በምኖርበት ግዛት ፈቃድ አለው ወይ? መድኃኒቱን በምጀምርበት ሰዓት ስደውል የሚያነሣ ሰው አለ ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ግልጽ መልስ ካላገኘ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ናሎክሶን ከመጀመሪያው ቀን ቤት ይግባ። በመጋቢት 2023 በአፍንጫ የሚነፋው ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ለአንድ ሰው ብቻ እንኳ ይነገር፤ ማን እንደሚሆን ታማሚው ይምረጥ።

ሕጉን በተመለከተ፣ በጥር 2025 የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ባወጣው ደንብ፣ ሐኪም ታማሚውን በአካል ሳያይ፣ በስልክም ቢሆን፣ የግዛቱን የማዘዣ መዝገብ ተመልክቶ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ቡፕረኖርፊን ሊያዝ እንደሚችል ተደንግጓል። ሕጉ ለሐኪሙ በር ከፍቷል፤ ፋርማሲው መድኃኒቱን እንዲያስቀምጥ ግን አያስገድድም።

እህቱ ዛሬም በየቀጠሮው መጨረሻ የምትጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ፦ «መቼ ነው የሚያቆመው?» ቀን ቆርጠን አልነገርናትም። መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ሰውነቱ የድሮውን መጠን መቋቋም ስለማይችል፣ ከተመለሰበት የመሞት ዕድሉ ከበፊቱ ይበልጣል። ሕክምናው በጀመረ በአሥራ አራተኛው ወር ይህን እንደገና ስነግራት እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። «እኔ አልቸኮልኩም፣ እትዬ» አላት።